በአባ መቀመጫ ላይ የተገኘ የዓሣ አጥንት

ውድ አንባቢ፣ አንድ ሰው ጠይቀውት ዝም ስላለዎት ብቻ «ይህ ሰው የሚደብቀው ነገር አለ» ብለው ያውቃሉ? እኔ ብዬ አውቃለሁ። በልቤ ብቻ ብዬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ባልጻፍኩት ነበር። እኔ ግን ሰው በተሰበሰበበት፣ ማስረጃ ዘርዝሬ፣ እንደ ትምህርት አስረድቼ ነው ያልኩት።

ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሰቆጣ ማስተማር በጀመርኩበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በዐቢይ ጾም ነው። ዛሬም ክፍል ውስጥ ተማሪ ጠይቄ ዝም ሲለኝ ያ ጊዜ ይመጣብኛል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል እናገራለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ወደ ዋግ ተመደብኩና ሁለት ሻንጣ በበቅሎ አስጭኜ ሰቆጣ ገባሁ። በአንዱ ሻንጣ ልብስ ነበረ። በሌላው ደግሞ ባዶ የክብሪት ቀፎዎች፣ ጠርሙሶችና መርፌዎች ነበሩ። እነዚህን የያዝኩት ለተፈጥሮ ጥናት ትምህርት ነው። ተማሪ በዓይኑ ያየውን አይረሳም ብለው አስተምረውኛል፤ እኔም አምኜበታለሁ። በትምህርት ቤታችን ከጣውላ ሣጥን ሠርቼ ቅጠሉን፣ ድንጋዩን፣ የጥንዚዛውን ክንፍ እየደረደርኩ በእያንዳንዱ ሥር የተገኘበትን ቦታና ቀን እጽፍ ነበር።

ለዚህ ሥራ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው በታች ወዳለው ጸበል እወርዳለሁ። ጸበሉ ከገደል ሥር ይፈልቅና በድንጋይ አጥር በታጠረ ቦታ ያልፋል፤ ከዚያ ወርዶ ሰፊ ኩሬ ይሠራል። የኩሬው አንድ ወገን ቀጥ ያለ የአፈር ግድግዳ ነው። በሌላው ወገን አንድ ትልቅ አኻያ ቅርንጫፉን ወደ ውሃው ዘርግቶ ቆሟል። በኩሬው ውስጥ የጣት ርዝመት ያላቸው ዓሣዎች አሉ። የጸበሉ ውሃ የሚወርድበት ስለሆነ ግን ማንም አይነካቸውም።

ከአኻያው አጠገብ አንዲት ጎጆ አለች። የጸበሉ ጠባቂ አባ ዘሚካኤል የሚኖሩባት ናት። አባ በዕድሜ የገፉ መነኩሴ ናቸው። የጸበሉ አጥር ቁልፍ በአንገታቸው ይንጠለጠላል፤ ሕመምተኛውን ተራ የሚያስይዙት እሳቸው ናቸው። የትውልድ አገራቸው ወደ ተከዜ የሚወርደው አበርገሌ ነው። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ኋላ ጣጣ ያመጣው አንዱ ይኸው ነው።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። አባ በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ አርምሞ ይይዛሉ። ይኸውም እስከ ትንሣኤ ድረስ ከሰው ጋር ምንም ቃል አለመነጋገር ነው። ሕመምተኛ ሲመጣ በመቋሚያቸው ድንጋዩን ይመታሉ። አንድ ጊዜ ከመቱ «ግቡ» ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ከመቱ «ቆዩ» ማለት ነው። አገሬው ሁሉ ያውቀዋል። እኔ መጀመሪያ ባላውቅ ጊዜ ሁለቴ ሲመቱልኝ ሰላምታ መስሎኝ ዘው ብዬ ብገባ ራቁቷን የምትጠመቅ ባልቴት ጮኻብኛለች።

በጾሙ ስድስተኛ ሳምንት ቅዳሜ ዕለት አባ ተቀምጠው ዳዊት የሚደግሙበትን ጠፍጣፋ ድንጋይ አየሁ። ድንጋዩ ከአኻያው ቅርንጫፍ ሥር ነው። በላዩና በዙሪያው የባቄላ ፍሬ የሚያካክሉ ነጫጭ እንክብሎች ወድቀዋል። አባ ጎጆ ውስጥ ነበሩ። አምስት ያህል አንስቼ በክብሪት ቀፎ ከተትኩ።

ቤት ገብቼ በለብ ያለ ውሃ ነከርኳቸው፤ በነጭ ወረቀት ላይ በመርፌ በተንኳቸው። የሆነውን ሳይ እጄ ቆመ። ሁሉም አጥንት ነበሩ። እንደ ፀጉር የቀጠኑ የጎን አጥንቶች፣ ጥቃቅን የጀርባ አጥንቶች፣ እንደ መስታወት የሚያበሩ ቅርፊቶች። የዓሣ አጥንት!

ቤት ያከራዩኝ እትዬ ጥሩ ከኋላዬ ቆመው ያዩ ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉኝ።

«ዓሣ ነው እትዬ። የተበላ ዓሣ።»

«በጾም? የት አገኘኸው?»

ነገርኳቸው። እትዬ ጥሩ በየሁለት ቀኑ ለአባ የሽምብራ ንፍሮ የሚልኩ ሴት ናቸው። ፊታቸው ተለወጠና «ዝጋው። ላየኸው ዓይንህ ይበቃል። ለማንም እንዳትናገር» አሉኝ።

በአገሩ ካህናት ዘንድ በዐቢይ ጾም ዓሣ መብላት ጾምን መሻር ነው። ያውም መነኩሴ፣ ያውም ከጸበል ውሃ አጥምዶ! እኔ ግን እትዬ ጥሩ ያሉትን አልሰማሁም። ያን ቀን ሌላ ነገር ሳላስብ አመሸሁ። እንዲህ ብዬ በደብተሬ ጻፍኩ፦ አጥንቱ ያለው በመቀመጫቸው ነው። እዚያ የሚኖር ሌላ ሰው የለም። የተከዜ ወገን ዓሣ መብላት ያውቃል። አርምሞው ደግሞ ከመጠየቅ ያድናል። የመጨረሻውን ስጽፍ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ከሥሩ አሰመርኩበት።

በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴው ቤት ዳቦና ጠላ ቀርቦ ተቀመጥን። አጠገቤ የተቀመጡት የቤተ ክርስቲያኑ ቄሰ ገበዝ ነበሩ። ቄሰ ገበዙ የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃና ቦታ የሚያስተዳድሩ፣ ቁልፍ የሚሰጡና የሚቀበሉ፣ ቆፍጣና ሰው ናቸው። በጨዋታ መካከል «አስተማሪ፣ ሰሞኑን ለልጆቹ ምን ሰበሰብክላቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

ያኔ ዝም ብል ምን ነበረበት! ቀፎውን ከኪሴ አወጣሁ። ከፍቼ አሳየሁ። ስለ ዓሣ አጥንት አሠራር፣ ስለ ቅርፊቱ፣ ሁሉንም ገለጽኩ። ቀፎው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ አሸተተው። ሌላው «ይሸታል፤ ትኩስ ነው» አለ።

«ከየት አመጣኸው?» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«ከአባ መቀመጫ ድንጋይ ላይ።»

ጠላ ይቀዳ የነበረው ሰው ማንቆርቆሪያውን እንዳዘነበለ ቀረ። ከዚያ ከጥግ አንድ ገበሬ «የተከዜ ሰው አይደሉ! የለመደ አንጀት ምን ይደረግ» አለ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ሁለቱ በአገውኛ ተነጋገሩ፤ ያሉትን አላወቅሁም፤ ግን «አባ» ሲሉ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም የሚያስታውሰው ነገር ነበረው። አንዱ ከጎጆዋ ያለ ሰዓቱ ጭስ ሲወጣ ማየቱን ተናገረ። አንዱ አባ ወደ ኩሬው ሲጎነበሱ አይቶ ነበር። አንዱ ባለፈው ክረምት የጠፋች ዶሮው ትዝ አለችው። እኔም እንደ ክፍል ተማሪ ያንዱን ሐሳብ ከሌላው እያገናኘሁ «አዎን፣ ይህም ከዚያ ጋር ይስማማል» እል ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቄሰ ገበዙ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና እኔ ወደ ጸበሉ ወረድን። እትዬ ጥሩም ሳይጠሩ ከኋላ ተከተሉ። አባ ከድንጋያቸው ላይ ነበሩ። ቄሰ ገበዙ ቀፎውን ከፍተው በጉልበታቸው ላይ አኖሩላቸው።

«አባ፣ ይህ የዓሣ አጥንት ከመቀመጫዎ ተገኘ። የበሉት እርስዎ ነዎት?»

አባ አጥንቱን አቅርበው አዩት። ዓይናቸው ደክሟል፤ ከአፍንጫቸው ጋር እስኪነካካ አስጠጉት። ከዚያ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ።

«እንግዲያው ማን ነው የበላው?»

አባ መቋሚያቸውን አነሡ። በኩሬው ላይ አሻግረው ወደ አፈሩ ግድግዳ ጠቆሙ። ቀጥለው ከራሳቸው በላይ ወዳለው ቅርንጫፍ ጠቆሙ። ከዚያም ወደ ውሃው ጠቆሙ።

እኛ ሁላችን የመቋሚያው ጫፍ በመጨረሻ ያረፈበትን ውሃ አየን።

«ከዚህ አጠመድኩ ማለታቸው ነው» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«ራሳቸውን ነቅንቀው የለም እንዴ!» አሉ እትዬ ጥሩ።

«ነቅንቀው ደግሞ ውሃውን አሳዩ። ምን ይባላል ይሄ?»

እኔ መፍትሔ ያገኘሁ መስሎኝ እርሳስና ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ለአባ ሰጠኋቸው። አባ እርሳሱን በሁለት ጣት ይዘው አገላብጠው አዩት፤ መልሰው ሰጡኝ። አባ ዳዊቱን ከዳር እስከ ዳር ያነባሉ፤ መጻፍ ግን አልተማሩም። በዚያ አገር ማንበብ አንድ ትምህርት ነው፤ መጻፍ ሌላ ሙያ ነው። ይህን ኋላ ነው ያወቅሁት። ያኔ ግን «እምቢ አሉ» ብዬ ተረጎምኩት፤ ብዬም ተናገርኩ።

ቄሰ ገበዙ ተነሡ። «አባ፣ ቃል አውጥተው ካላስረዱ ይህ ነገር በዝምታ አይታለፍም። እስከ ሆሳዕና ዋዜማ ሰጥቻለሁ። ያኔ ቁልፉን እረከባለሁ። ጎጆዋም ለሚጠብቅ ሰው ትሰጣለች።»

አባ ከተናገሩ ለእግዚአብሔር የገቡትን ቃል ያፈርሳሉ። ካልተናገሩ ቤታቸውን ያጣሉ። አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ በእጃቸው ያዙት፤ አልሰጡም፤ አልተናገሩምም። ስንወጣ መቋሚያቸውን ሁለት ጊዜ መቱ። ቆዩ ማለታቸው ነበር። ማናችንም አልቆየንም።

በመንገድ ላይ እትዬ ጥሩ «አንተ አስተማሪ» አሉኝ፣ «ያንተ አፍ ላይ መንጠቆ አለ። አባን አጠመድካቸው።»

በዚያ ሳምንት ጸበሉ ተቀዛቀዘ። ንፍሮና ዳቦ የሚወስድላቸው ሰው ቀነሰ። የሚወርዱትም ቢሆኑ እጃቸውን ከመታጠባቸው በፊት ድንጋዩን ዞረው ያያሉ። ሰው ሁሉ መርማሪ ሆነ። እኔም «አባ ካላመኑ እጅ ከፍንጅ ልያዛቸው» ብዬ ተነሣሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ወርጄ ከኩሬው ማዶ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ኋላ ተቀመጥኩ። ትምህርት የሚጀምረው ሦስት ሰዓት ስለሆነ ጊዜ ነበረኝ። ደብተሬን ከፍቼ በጉልበቴ ላይ አኖርኩ።

አባ ወጡ። ታጠቡ። ሰገዱ፤ ሲሰግዱ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ማዶ ድረስ ይሰማ ነበር። ከዚያ በድንጋያቸው ተቀምጠው ዳዊት ደገሙ። ለጸሎት ድምፅ አላቸው፤ ለእኛ ነው የሌላቸው። ሲጨርሱ ከልብሳቸው ጫፍ አንድ ነገር ፈትተው ወደ ውሃው በተኑ። ዓሣዎቹ ከየአቅጣጫው ተሰብስበው ውሃው ፈላ።

«ማጥመጃ!» አልኩ በልቤ። በደብተሬ ላይ ሰዓቱን ጻፍኩ። ጠበቅሁ። አባ ግን እጃቸውን አራግፈው ወደ ጎጆ ገቡ። መረብ የለ፣ መንጠቆ የለ። ተናድጄ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ረቡዕ ተመልሼ መጣሁ። አባ እንደ ትናንቱ ሰገዱ፤ ዳዊታቸውን ጀመሩ። እኔ ዓይኔን ከእጃቸው አላነሣም ነበር። በዚህ መካከል አንድ ሰማያዊ ነገር በውሃው ላይ ሽው ብሎ አለፈ። የጨርቅ ቁራጭ ነፋስ የወሰደው መሰለኝ። ነፋስ ግን አልነበረም።

ቀና ብል ከአባ ራስ በላይ ባለው ቅርንጫፍ ላይ አንዲት ወፍ ተቀምጣለች። ከድንቢጥ አትበልጥም። ጀርባዋ እንደ ሐር የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ነው፤ ሆዷ የተተኮሰ ሸክላ ይመስላል፤ ጉሮሮዋ ላይ ነጭ አለ። ምንቃሯ ለሰውነቷ የማይመጥን ረጅምና ቀይ ነው። አንገቷን ወደ ታች ደፍታ ውሃውን ትመለከታለች። እንደዚያ ዓይነት ዝምታ በወፍ አይቼ አላውቅም።

ድንገት እንደተወረወረ ድንጋይ ወደቀች። ውሃው ጩብ አለ። ዓይኔን ሳላርገበግብ ተመልሳ ቅርንጫፉ ላይ ነበረች፤ በምንቃሯ ዓሣ ይወራጫል። ግራና ቀኝ ከእንጨቱ ጋር አጋጨችው፤ ገልብጣ ከራሱ በኩል ዋጠችው። ከቅርፊቱ እስከ አጥንቱ ዋጠችው። ከአፈሩ ግድግዳ ላይ ደግሞ ሁለተኛ ወፍ ወጣች። እዚያ ጡጫ የምታህል ቀዳዳ ነበረች፤ ከሥሯ በአፈሩ ላይ ነጭ ነገር ተንጠባጥቧል።

እርሳሴ ከእጄ ወደቀ። ግን ገና አልገባኝም። የዋጠችውን አጥንት ማን አወጣው?

እዚያው ተቀመጥኩ። ትምህርት የሚጀምርበት ሰዓት ቀረበ፤ አልተነሣሁም። ወፏ አፏን ከፈተች። እንደሚያስነጥሰው ሰው ራሷን ነቀነቀች፤ አንገቷን አስረዘመች፤ አንድ ነጭ እንክብል ከአፏ ወጥቶ ጠብ አለ። ያረፈው ከአባ የዳዊት መጽሐፍ አጠገብ፣ በድንጋዩ ላይ ነው።

አባ ዳዊታቸውን አጠፉ። ወደ እኔ ዞሩ። ድንጋይ ኋላ ተደብቄ ሳለሁ፣ ኮሽታዬን ሰምተው ኖሮ፣ በቀጥታ ወደ እኔ ዞሩ! መቋሚያቸውን አነሡና ወደ አፈሩ ቀዳዳ ጠቆሙ። ከዚያ ወደ ቅርንጫፉ። ከዚያ ወደ ውሃው። ልክ እንደዚያ እሑድ፣ በዚያው ቅደም ተከተል።

እሑድ ዕለት ቁልጭ አድርገው ነግረውን ነበር። እኔ ነኝ ማንበብ ያቃተኝ።

ከድንጋዩ ኋላ ወጣሁ። አንገቴን ደፍቼ ሮጥኩ። ትምህርት ቤት አልሄድኩም፤ ቄሰ ገበዙ ቤት ሄድኩ።

«ወፍ ናት!» አልኳቸው ከበር። «ወፍ ናት የበላችው! አጥንቱን መልሳ ትተፋዋለች!»

ቄሰ ገበዙ በትዕግሥት አዩኝ። «አስተማሪ፣ እሑድ አባ በሉ አልክ። ረቡዕ ወፍ በላች ትላለህ። ዓርብ ደግሞ ማን በላ ልትለን ነው?»

«በዓይኔ አየሁ እኮ!»

«እሑድም እንደዚሁ ነበር የምትምለው።»

እውነታቸውን ነው። የተናገርኩትን ለማፍረስ መናገር አልበቃ አለ። «እንግዲያው መጥተው ይዩ» አልኩ። ለምኜ፣ ለምኜ፣ ቅዳሜ ጠዋት እንዲመጡ እሺ አሉኝ። ቅዳሜ ግን የሆሳዕና ዋዜማ ነው፤ ቁልፉን የሚረከቡበት ቀን ነው። «ወፏ ከመጣች እናያለን፤ ካልመጣች ቁልፉን ይዤ እመለሳለሁ» አሉ።

ሁለቱን ቀን እንዴት እንዳሳለፍኩ አልናገርም። ወፏን ድመት ብትበላትስ? ድንጋይ ቢወረውሩባትስ? ቦታ ብትቀይርስ? ሰውን ስጠራጠር ከርሜ ወፍን መጠራጠር ጀመርኩ።

ቅዳሜ ቄሰ ገበዙ፣ እነዚያው ሽማግሌዎች፣ እትዬ ጥሩና እኔ ከማዶ ካለው ድንጋይ ዘንድ ተቀመጥን። አባ ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ቁልፉ በአንገታቸው ነው። ቀና ብለው አላዩንም።

እኔ ማስረዳት ጀመርኩ። «አሁን ከዚያ ቀዳዳ ትወጣለች፤ ከዚያ ቅርንጫፉ ላይ...» ስል ሰማያዊዋ ከውሃው ላይ ብልጭ አለችና ድምፄን ሰምታ ወደ ላይ ዞራ ጠፋች።

«የታለች?» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«አሁን እኮ መጥታ ነበር! የእንግዳ ድምፅ አትወድም፤ የምትጠነቀቀው...»

እትዬ ጥሩ ክንዴን ቆነጠጡኝ። ቁንጥጫቸው ዛሬም ያመኛል። «አንተ ሰው! አፍህን ካልያዝክ አባን ሁለተኛ ነው የምታጠፋቸው!»

አፌን ያዝኩ። ሁላችንም ዝም አልን። ፀሐይዋ ከገደሉ ወጥታ ኩሬው ላይ ደረሰች። አንዱ ሽማግሌ ማንቀላፋት ጀመረ። ቄሰ ገበዙ ሁለት ጊዜ ተነሥተው ሊሄዱ ቃጡ፤ ሁለት ጊዜ እትዬ ጥሩ በዓይናቸው አስቀመጧቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ለረጅም ሰዓት ሳልናገር ተቀምጬ አላውቅም። አባ ይህን ሃምሳ አምስት ቀን ያደርጉታል ብዬ ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው።

መጣች። ቅርንጫፉ ላይ አረፈች። ወደቀች፤ ጩብ አለ፤ ዓሣ ይዛ ተመለሰች። ያንቀላፋው ሽማግሌ ነቅቶ አፉን ከፍቶ ቀረ። ወፏ ዓሣዋን ዋጠች፤ ቆየች፤ ቆየች፤ ከዚያ አፏን ከፍታ ራሷን ነቀነቀችና እንክብሏን ጣለች። እንክብሉ ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ድምፅ እንኳ የለውም።

ቄሰ ገበዙ ኩሬውን ዞረው ሄዱ። እንክብሉን አንስተው በጣታቸው ፈረከሱት፤ አሸተቱት። ከኪሳቸው የእኔን የክብሪት ቀፎ አውጥተው አስተያዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የአባን ጉልበት ሳሙ።

«አባ፣ ይፍቱኝ» አሉ። «ቁልፉ እዚያው ይቆይ።»

አባ መቋሚያቸውን አነሡና ድንጋዩን መቱ። አንድ ጊዜ ብቻ።

እትዬ ጥሩ ቀድመው ወደ ጸበሉ ገቡ። እኔ ከሁሉም ኋላ ገባሁ።

በማግሥቱ በሆሳዕና፣ ዘንባባው ከታደለ በኋላ፣ በዚያው ሰንበቴ ቤት ተነሥቼ የተናገርኩት ሐሰት እንደነበረ ተናገርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሬን አሳጠርኩ። አብዛኛው ሰው ተቀበለኝ። ያ ከጥግ የሚቀመጠው ገበሬ ግን «ወፏን አባ አልምደዋት ይሆናላ!» አለ። ዛሬም ድረስ እንዲህ የሚሉ አሉ ይባላል። ቃል አንዴ ከወጣ በኋላ ሁሉንም ለቅሞ መመለስ እንደማይቻል ያኔ ነው ያየሁት።

ትንሣኤ ሲነጋ አርምሞው አለቀ። እትዬ ጥሩ የሰጡኝን ዳቦ ይዤ ወረድኩ። በመንገድ ላይ የይቅርታ ንግግር አዘጋጅቻለሁ፤ መግቢያ ነበረው፤ ሦስት ነጥብ ነበረው። አባ ዘንድ ስደርስ ግን ሁሉም ጠፋኝ። እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ።

አባ እጃቸውን በራሴ ላይ አኖሩ። ድምፃቸው ከብዙ ቀን ዝምታ በኋላ ሻክሯል።

«ከዚያ ጉድጓድ ስንት ጫጩት ወጣ?» አሉኝ።

«ምን አሉኝ አባ?»

«የእኔ ዓይን ደክሟል። ሽው ስትል ብቻ ነው የማያት። አንተ ከማዶ ተቀምጠህ ታይ የለም እንዴ! ስንት ናቸው?»

«አላየሁም አባ። እኔ የማየው እርስዎን ነበር።»

አባ ሳቁ። «እኔን ማየት ምን ይጠቅምሃል! ሂድ ተቀመጥና ቆጥረህ ንገረኝ።»

ወደ ውሃው የሚበትኑት ምን እንደነበረም ጠየቅኋቸው። የእትዬ ጥሩ ሽምብራ ገለፈት ነው። «እሷ ከእነሱ ትበላለች፤ እነሱ ደግሞ ከእኔ ይብሉ» አሉኝ።

ሄጄ ከማዶ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ሦስት ጫጩቶች ከቀዳዳው ወጥተው አኻያው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ቆጥሬ ነገርኳቸው። አባ እንደ ትልቅ ወሬ ተቀበሉኝ።

ዛሬ ያ የክብሪት ቀፎ በክፍሌ ሣጥን ውስጥ አለ። ከሥሩ የተገኘበትን ቦታና ቀን ጽፌያለሁ። «የወፍ ትፋት፤ መጀመሪያ በስሕተት የተተረጎመ» ብዬም ጨምሬያለሁ። ተማሪዎቼ የስሕተቱን ታሪክ ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ፤ እየነገርኳቸውም አፍራለሁ። ማፈሬ እንዲቀር አልፈልግም። ተማሪ ዝም ሲለኝ ከመቆጣቴ በፊት እጁ ወዴት እንደሚጠቁም እንዳይ ያደርገኛልና።

አሁን እርስዎን አንድ ነገር ልለምን። በአካባቢዎ ኩሬ ወይም ወንዝ ካለ፣ አንድ ጠዋት ወርደው ከድንጋይ ኋላ ይቀመጡ። አንዲት ቃል ሳይናገሩ፣ ፀሐይዋ ውሃው ላይ እስክትደርስ ይቆዩ። የተጠራጠሩት ሰው ካለም በልብዎ ይዘውት ይውረዱ። ወፏ ላትመጣ ትችላለች። እርስዎ ግን ዝም ብለው ይቆዩ።